ሬዲዮ የሚሏት ልጅ

መምህርቷ እየሮጠች ክፍሏ ስትደርስ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አየች። በረኛው የሚሉት ልጅ አፍንጫውን በሁለት እጁ ይዞ በጣቶቹ መሃል ደም ይንጠባጠባል። አዲሷ ልጅ ደግሞ የመጨረሻው ዴስክ ሥር ገብታ፣ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍና፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች። የቀሩት ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ሁሉም ባንድ ላይ ያወራሉ።

«ሬዲዮ ገፈተረችው!»

«ከዴስኩ ጋር አጋጨችው ቲቸር!»

«እብድ ናት፣ እውነቴን ነው እብድ ናት!»

መምህርቷ የልጁን አፍንጫ በመሐረቧ ያዘችለትና ከክፍሉ አለቃ ጋር ወደ ቢሮ ላከችው። ከዚያ ወደ መጨረሻው ዴስክ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ምን አደረገሽ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻትም። አንገቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ በዜና አንባቢ ድምፅ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን። የትም እንዳትሄዱ፣ አብራችሁን ቆዩ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልጅቷ አራተኛ ክፍል ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ያመጣት አባቷ ነበር፤ በያጅ ነው፣ ኮቱ ላይ የእሳት ብልጭታ የበሳው ቀዳዳ እንደ ወንፊት ተደርድሯል። «ኦቲዝም አለባት» ብሎ ነበር የመጀመሪያው ቀን ለመምህርቷ። «ትሰማለች፣ ትማራለች። አነጋገሯ ግን ለየት ይላል። ከሁለት ትምህርት ቤት ነው የመለሱብኝ።» መምህርቷም «አይዞዎት» አለችው። ቃሏንም ጠበቀች። ልጅቷን ጥግ ይዛ እንድትቀመጥ ኋላ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ ተወቻት። ሳትቆጣት፣ ሳትጠይቃት፣ ሳታስጨንቃት ሁለት ወር አለፈ። ይህን ደግነት ነው ብላ ታስብ ነበር።

ቅጽል ስሙን ልጆቹ ያወጡላት በገባች በሳምንቷ ነው። በክፍሉ ቅጽል ስም የሌለው የለም፤ መምህርቷ ራሷ ከጀርባዋ «ጠመኔ» እንደምትባል ታውቃለች። አዲሷን ልጅ ሬዲዮ ያሏት ሬዲዮ ላይ የሰማችውን ሁሉ ስለምትደግም ነው። ዜናውን፣ ስፖርቱን፣ የአየር ሁኔታውን፣ አልፎ ተርፎም ታክሲ ውስጥና ስልክ ላይ የሰማችውን። አንድ ነገር ሲጠይቋት መልሷ ከእነዚህ አንዱ ነው።

መምህርቷ ቢሮ ስትገባ የበረኛው እናት ቀድማታለች። የትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ስላላት፣ የልጇ ደም ሳይደርቅ ነበር የደረሰችው።

«ዛሬ አፍንጫ ነው፣ ነገ ዓይን ቢሆንስ?» ትላለች፣ የርዕሰ መምህሩን ጠረጴዛ በጣቷ እየመታች። «ልጄን የላክሁት ትምህርት ቤት ነው፣ የቦክስ ሜዳ አይደለም!»

በረኛው አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ተወትፎለት ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል።

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ይኸውልሽ፣ መምህር፣ እኔም አባት ነኝ፤ አንጀቴ አይችልም። ግን ሃምሳ ሦስቱን ለአንዷ ብዬ ልበድል? ልዩ ክፍል ላለው ትምህርት ቤት የመሸኛ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ።»

«እሱ ትምህርት ቤት ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። አባቷ እንዴት አድርጎ ነው ጠዋት ማታ የሚያመላልሳት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

መምህርቷ የምትለውን ሳታዘጋጅ ነበር አፏን የከፈተችው። «አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡኝ። ስለ እሷ ላስተምራቸው። ሁለት ወር አብረዋት ሲቀመጡ ማን እንደሆነች የነገራቸው ሰው የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይጻፉ።»

«እኔም ገብቼ እሰማለሁ» አለች የበረኛው እናት ነጠላዋን እያጣፋች። «ምን ተብሎ እንደሚነገራቸው ልስማ።»

አባትየው ተደውሎለት ሲመጣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል። እጁን ለመታጠብ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ልጁ ከዴስኩ ሥር አልወጣችም። የበረኛው እናት ልጇን ይዛ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመዋል። መምህርቷ ከቢሮው መደርደሪያ ያገኘችውን በራሪ ወረቀት ዘርግታ ታነባለች።

«ኦቲዝም ማለት የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ሲሆን፣ በተግባቦት፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በስሜት ሕዋሳት…»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ልጆች አጥሩ ላይ የምትሄድ ድመት ማየት ጀምረዋል። አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ታዲያ እኔ ትናንት አጠገቧ ተቀምጬ ያመመኝ ምንድነው?»

«ያልበሰለ ማንጎ ሰርቀህ በልተህ ነዋ!» አለው ጎረቤቱ፤ ክፍሉ እንደገና ፈረሰ። መምህርቷ ወረቀቱን አጠፈችው።  ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«መምህር፣ ይፈቅዱልኛል?» አለ በያጁ።

ፈቀደችለት። ግን ወደ ሰሌዳው አልሄደም። በዴስኮቹ መሃል አልፎ የመጨረሻው ዴስክ ጋ ቁጢጥ አለ። ልጁን ፊት ለፊት አላያትም፤ አጠገቧ ያለውን ወለል እያየ ነበር የሚያናግራት።

«የኔ እናት፣ ስለ አንቺ ልነግራቸው ነው። ልንገራቸው?»

 ጥያቄውን አልደገመላትም፤ ቁጢጥ እንዳለ ቆየ። ጥቂት ቆይቶ ከዴስኩ ሥር ደስ የሚል፣ ሞቅ ያለ የአቅራቢ ድምፅ ወጣ።

«ሄሎ! መስመር ላይ ነዎት። ይቀጥሉ።»

ልጆቹ ሳቁ። አባትየው ግን ተነስቶ «ፈቅዳልኛለች» ሲላቸው ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ብየዳ ያየ አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ።

«በያጅ መነጽር የሚያደርገው ለምንድነው?»

«ዓይኑ እንዳይጠፋ!»

«ጎበዞች። አሁን ስሙኝ። እናንተ ስትፈጠሩ ጆሯችሁ ላይ እንደዚያ መነጽር ያለ ነገር አለ። ጫጫታ ሲመጣ የሚፈለገውን ያስገባል፣ የማይፈለገውን ያስቀራል። እሷ ያ የላትም። ደወሉ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ፊሽካ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይገባል። ያለ መነጽር ብየዳ ማየት በሉት።»

የበረኛው እናት አነባብራው የነበረውን እግሯን ዘረጋች።

«ታዲያ መቼ ነው የሚሻላት?» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«አልታመመችም እኮ። አፈጣጠሯ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። ግራኝነት ይሻላል?»

ልጅቷ አሰበችበት። «አይሻልም።»

«ለምን ታዲያ እንደ ሰው አታወራም?» አለ ሌላው።

አባትየው ራሱን አከከ። የተለበለቡ ጣቶቹን አየ። «ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታዬ ሬዲዮ ክፍት ነው፤ ከዚያ ትይዛለች። አንዳንዱን ለምን እንደምትለው አውቃለሁ። ብዙውን ግን…»

«እኔ አውቃለሁ!»

የተነሳችው ቃሪያ ናት። ቁመቷ ከዴስኩ ብዙም አይበልጥም፤ ስሙን ያገኘችው ግን በምላሷ ነው። ወሬ ስታበዛ ጊዜ ለቅጣት ከፊት ተነስታ ወደ ኋላ፣ ከአዲሷ ልጅ ፊት ያለው ዴስክ ላይ ከተዛወረች ወር አልፏታል። መምህርቷ «ቁጭ በይ» ልትላት ነበር። ዛሬ ያ ምላስ ምን ይጨምርብን ይሆን ብላ ነው የፈራችው። ቃሪያ ግን ጀምራለች።

«‹ወራጅ አለ› ካለች ውጪ መውጣት ፈልጋ ነው። ሽንት ቤት፣ ወይም ዝም ብሎ ውጪ። ‹የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አልተቻለም› ካለች ደግሞ አሁን አታናግሩኝ ነው። ‹ጥቂት ቆይተው ይደውሉ› ትል የለ? ጥቂት ቆይቼ ስጠይቃት ትመልስልኛለች።»

«ጎሉንስ?» አለ ከመስኮቱ በኩል አንድ ልጅ። «ሂሳቡ ሲገባት ቀስ ብላ ‹ጎ…ል› ትላለች!»

«‹ውድ አድማጮቻችን› ካለችሽ ወዳሻለች ማለት ነው። እኔን ሁለት ጊዜ ብላኛለች።»

«እኔን ሦስት ጊዜ!»

«ውሸታም!»

«‹በድጋሚ እናቀርብላችኋለን› ካለች አልገባኝም ነው፣ ድገሙልኝ ነው።»

«እሱን ማን የማያውቅ አለ!»

እጆች ከየዴስኩ ይወጡ ጀመር። መምህርቷ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ በአንድ በኩል የተባለውን፣ በሌላ በኩል ትርጉሙን። እጇ አልደርስ አላት። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ የጻፈችውን አነበበች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቋንቋ አስተምራለች። ስምና ግስ፣ ሰዋስውና ምዕላድ። ከመቀመጫዋ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ አንድ ሙሉ ቋንቋ ሁለት ወር ሲነገር ግን አንዲት ቃል አልሰማችም። እነዚህ አፍንጫቸውን በወጉ መናፈጥ ያልቻሉ ልጆች፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በጨዋታ መሃል ተምረውት ቁጭ ብለዋል። 

«ካወቃችሁ» አለች መምህርቷ፣ ከሰሌዳው ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «ለምን ትስቁባታላችሁ?»

ቃሪያ በጥያቄው ተገረመች። «ስለሚያስቅ ነዋ ቲቸር! እሷም እኮ ትስቃለች። ዞር ብላ ነው የምትስቀው።»

አባትየው ሳቁ አመለጠው። የበረኛው እናት እንኳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«‹ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል› የምትለውስ?» አለች መምህርቷ። ጠዋት በኮሪደሩ ስታልፍ ከክፍሉ ሲወጣ ሰምታው ነበር።

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ቃሪያ ወደ በረኛው ዞረች። ሌሎቹም ዞሩ።

«እሱ ጫጫታው ሲበዛባት ነው» አለች ቃሪያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተጠንቀቁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ ብላለች። ፊሽካውን አንዴ ነፋው፣ አለች። ደገመው፣ አለች። ከዚያ ጆሮዋ ሥር መጣና…»

«ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር!» አለ በረኛው፣ በጥጡ ምክንያት እየተነፋነፈ። «ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም እየሳቁ ነበር።»

«አንተ» አለችው እናቱ። «ስትለው ሰምተሃል?»

«…ሰምቻለሁ።»

«ሦስቴውንም?»

አዎ በሚል አንገቱን ነቀነቀ።  «ፊሽካው እንደሚያስፈራት አውቅ ነበር። እንዲህ የምትሆን ግን አልመሰለኝም።»

እናትየው እጇን ዘረጋች። ልጁ ኪሱን ፈትሾ ፊሽካውን አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው። ማንንም ሳታይ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃለች» አለች። «እኔ ብሆን ሁለተኛውን አልጠብቅም ነበር።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። የሚጠይቀው ልጆቹን ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው። «ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በር ላይ ሳደርሳት አንድ ነገር ትለኛለች። እዚህ ብቻ አይደለም፣ በፊት በነበረችባቸው ትምህርት ቤቶችም እንደዚያው ትል ነበር። ‹ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን፤ የትም እንዳትሄዱ፣ አብራችሁን ቆዩ።› እኔ ከሬዲዮ የያዘችው ነው ብዬ፣ እሺ ብያት እሄዳለሁ። እሱስ ምንድነው? ታውቁታላችሁ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን አለማወቁ አስደንቋቸዋል።

«እሱማ ሄድኩ እንጂ አልቀረሁም ማለት ነው» አለች ቃሪያ። «ዴስክ ሥር ስትገባ ትለዋለች። እረፍት ላይም የውሃ ታንከሩ ጀርባ ብቻዋን ስትሄድ ትለዋለች። ትንሽ ብቻዬን ልሁን፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ እናንተ ግን እንዳትሄዱብኝ ነው። እና እንጠብቃታለን። የሷ ተራ ካለ ገመዱን አንዘልም።»

«ምን ያህል ትቆያለች?»

«አንዳንዴ ትንሽ። አንዳንዴ እስኪደወል።»

«ትመለሳለች?»

«ሁሌም!» አሉ አራት አምስት ልጆች ባንድ አፍ።

በያጁ ከአንድ ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ አግዳሚው ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱ ድረስ መጣ። በሁለት ጥቁር እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። «አራት ዓመት» አለ ከእጆቹ ውስጥ። «አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ወሬ ይመስለኝ ነበር። በየጠዋቱ እመለሳለሁ፣ እንዳትሄድብኝ እያለችኝ ነበር። እኔ እሺ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻት እሄዳለሁ።»

ቃሪያ ከዴስኳ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ታጽናናው ዘንድ እጇን ልታሳርፍበት ፈለገች፣ ግን ትልቅ ሰው ነውና አፈረች። «እሺ ካሉማ ጥሩ ነው» አለችው። «እኛም እሺ ነው የምንላት። መልሱ እሺ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ከበሩ ገብተው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አሥራ አራት መስመር ሞልቷል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉ፣ እንደገና አነበቡት። ከዚያ ወደ መምህርቷ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ደብዳቤውን ምን ብዬ ልጻፈው?» አሉ በሹክሹክታ። «‹ሦስት ጊዜ ስላስጠነቀቀች ትሸኝ› ልበል?» መልስም ሳይጠብቁ ወጡ። ደብዳቤው በዚያው ቀረ።

አባትየው ወደ ሥራው አልተመለሰም። ልጁ ከዴስኩ ሥር እስክትወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ማንንም ሳታይ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። በረኛው ከእናቱ ጎን ተነስቶ ከዴስኳ አለፍ ብሎ ቆመ፤ «ሁለተኛ አልነፋም» አለ ወለሉን እያየ፣ ልክ አባቷ ሲያናግራት እንዳየው።  ልጅቷ የደብተሯን ጠርዝ የያዘውን ጥቅልል ሽቦ ቀለበት በጣቷ እየቆጠረች ነበር። በረኛው ግን አልከፋውም፤ እንደሰማችው የሚያውቅ ይመስላል።

ከእረፍት በኋላ የንባብ ክፍለ ጊዜ ነበር። በየረድፉ ከፊት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንቀጽ እያነበበ ተራው ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጆቹ እንደ ወትሮው አነበቡ፤ አንዱ እየተንተባተበ፣ አንዱ እየዘለለ፣ ሌላው ነጥቡን ሁሉ እየዋጠ። ተራው ቃሪያ ጋ ደረሰ፤ አንቀጿን በአንድ ትንፋሽ ለቃ ተቀመጠች።

ቀጣይዋ ልጅቷ ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ጋ ሲደረስ መምህርቷ ዓይኗን ወደሚቀጥለው ረድፍ ታሻግርና ሌላ ልጅ ትጠራ ነበር። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ የሚቀጥለው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ያለው ልጅ መጽሐፉን ይዞ ገና ሳይጠራ ብድግ አለ። መምህርቷም አፏን ከፍታለች፤ ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው።

ልጅቷን አየቻት። መጽሐፏ ተከፍቷል። ትክክለኛው ገጽ ነው። ትክክለኛው አንቀጽ ላይ፣ የመጀመሪያው ቃል ሥር፣ ጣቷን አሳርፋለች። መቼ ነው እንዲህ ማድረግ የጀመረችው? ዛሬ? ወይስ ሁለት ወር ሙሉ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ጣቷን እዚያ አሳርፋ ስትጠብቅ ነበር?

«አንተ ቁጭ በል» አለችው መምህርቷ ለቆመው ልጅ። «ገና ተራህ አልደረሰም።»

ልጁ ተቀመጠ። ሃምሳ ሁለት ራስ ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ቃሪያ በዓይኗ ገሰጸችውና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ልጅቷ አላነበበችም።  ጣቷም ከቃሉ ሥር አልተነሳም።

መምህርቷ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ፣ ሳታየው፣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ወንበሯን ስባ ልትጠብቃት ተቀመጠች።